ከጋሽ ሙላቱ በፊት፦ ነርሲስ ናልባንዲያን

እኛ ሊሙ ገነት፣ አጋሮ፣ ጅማ ያደግን ልጆች ኢትዮ ጃዝ ሲነሳ ደረታችንን እንነፋለን። አይፈረድብንም፤ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለዱት ጅማ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳይምታታባችሁ።) ዛሬ የማወራችሁ ግን ጋሽ ሙላቱ ገና ልጅ ሳሉ የአውሮፓን ክላሲካልና የአሜሪካን ጃዝ ከሀበሻ ዜማ ጋር ስላገናኙ ሌላ ሰው ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን ይባላሉ።

የተወለዱት አይንታብ፣ በዛሬዋ ደቡብ ቱርክ፣ በ1915 ነው። ዓመቱን ልብ በሉ። የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከቀያቸው ነቅሎ ያባረረበትና የፈጀበት ዓመት እኮ ነው። ቤተሰቡ ሸሽቶ ሶርያ፣ አሌፖ ገባ፤ ነርሲስም ያደጉትና ሙዚቃ የያዙት በስደት ነው።

ታዲያ ኢትዮጵያ ምን አመጣቸው? አጎታቸው። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እስካሁን «አርባ ልጆች» እየተባሉ ይነሳሉ። የነሱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። እስከ 1975 ድረስ የተዘመረውን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ አጎት ናቸው። ነርሲስ እሳቸውን ተከትለው በ1930ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ፣ በዚያው ቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ካለ ክፈቱትና ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ንኩ። አምስት ድምፅ ነው፤ ትንሽ ስትቆዩ ትዝታ ትዝታ ይላችኋል። በነዚህ አምስት ድምፆች ብቻ የአውሮፓ ኮርድ ልሥራ ብትሉ ግን ወዲያው ትጨነቃላችሁ። የተለመደው ባለሦስት ድምፅ ኮርድ የሚወጣላችሁ ሁለት ብቻ ነው። ነጮቹን ቁልፎች ልጨምር ካላችሁ ደግሞ ትዝታው እየሸሸ ይሄዳል። የኛ ሙዚቃ በኮርድ የቆመ አይደለማ! መሲንቆው፣ ክራሩም ዘፋኙም አንዱን ዜማ ነው የሚከተሉት፣ እያንዳንዱ በራሱ አመል።

ነርሲስ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ ጣጣ ላይ ነው። ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን ወስደው ለትልቅ ባንድ በኖታ ይጽፉታል። ሳክስፎኑ የራሱ መስመር፣ ትራምፔቱ የራሱ፣ ትሮምቦኑም የራሱ አለው። ሁሉም የተለያየ ነገር እየነፉ ዜማው ግን ያው የሀገሬው ዜማ መሆኑ እንዳይቀር። የማዘጋጃ ቤቱንና የፖሊስን ኦርኬስትራ አሠለጠኑ። በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ዋና የሥራ ቤታቸው ሆነ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነትም ወሰዱ።

ያ ሁሉ ኮርድ ዜማችንን አበላሸው የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ቢሆንም ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ አንዳንዱ የዚያ ዘመን ቅንብር እውነትም የወታደር ሰልፍ ይመስላል። ጥሩው ሲመጣ ግን ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ናሱ ከሥሩ ገብቶ የሚመልስለት ነገር አለ፣ እሱ በጽሑፍ አይነገርም።

የአቀናባሪ ዕጣ ሆኖ ጭብጨባው ለዘፋኙ ነበር። አብዮቱ መጣ፣ በ1975 የአጎታቸው መዝሙር ተሽሮ ሌላ ተተካ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1977፣ ነርሲስም አረፉ። በቀጣዮቹ ዓመታት በሰዓት እላፊው ምክንያት የአዲስ አበባ ሌሊት ጸጥ አለ፣ ትልልቆቹ ባንዶችም ተመናመኑ።

የጻፉት ግን አልጠፋም። ጋሽ ሙላቱ በተማሩባት ከተማ በቦስተን ኢይዘር ኦርኬስትራ የሚባል የጃዝ ባንድ አለ። በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፣ በኋላም የነርሲስን ሥራዎች መልሶ ነፋቸው። «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ አልበም ውስጥ ታገኙታላችሁ። ርዕሱ ላይ አርመናዊው አላሏቸውም፣ «ኢትዮጵያዊው ናልባንዲያን» ነው የሚላቸው። ስትከፍቱት የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ የናሱ ክፍል በስልክ ስፒከር አይሰማም።