የአኒችኮቭ ጥንቸሎች

የደም ሥር ለምን ይደድራል ቢባል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ብዙው ሐኪም የእርጅና ነገር ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ኒኮላይ አኒችኮቭ ግን አላለፈውም።

እ.ኤ.አ. በ1885 ሴንት ፒተርስበርግ ተወልዶ በዚያው ከተማ ወታደራዊ የሕክምና አካዳሚ ተማረ። ከእሱ በፊት ኢግናቶቭስኪ የተባለ ሐኪም ለጥንቸሎች ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሰጥቶ የደም ሥራቸው ሲበላሽ ቢያይ ጥፋቱን በፕሮቲን አሳቧል። አኒችኮቭና ኻላቶቭ ነገሩን ለያይተው ለማየት ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ አበባ ዘይት አሟምተው ለጥንቸሎች መገቡ፤ ለሌሎቹ ዘይቱን ብቻ። ዘይት ብቻ የበሉት ደህና ሆኑ። ኮሌስትሮል የበሉት ግን የትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳቸው ቅባት ቋጠረ። ቅባቱም ዝም ብሎ የተለጠፈ አልነበረም፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎች ውጠውት፣ በጠብታ ተሞልተው አብጠዋል። እኛን የሚደንቀን ይሄ ነው፤ ጉዳዩ የሴል ጉዳይ መሆኑን በ1913 አየ!

ታዲያ ለምን ቶሎ አልታመነም? ሌሎች ሙከራውን በአይጥና በውሻ ሲደግሙት እንስሳቱ ምንም አልሆኑም። የእነዚህ ጉበት ትርፉን ኮሌስትሮል ወደ ሐሞት አሲድ ለውጦ ያስወግደዋል፤ ሣር በሏ ጥንቸል እንደነሱ አይሆንላትም። ይህ እስኪገባ አሥርተ ዓመታት ነጎዱ። በዚያ መሃል በልብ ሕመም የሞተውን ቤት ይቁጠረው።

አኒችኮቭ ከ1946 እስከ 1953 የሶቭየት ኅብረትን የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ በፕሬዚዳንትነት መርቶ በ1964 ሌኒንግራድ ውስጥ ሞተ። ሴል ኮሌስትሮልን ከደም የሚቀበልበትን በር ያገኙት አሜሪካውያን ብራውንና ጎልድስታይን ኖቤል የተሸለሙት እሱ ካለፈ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1985 ነው።