ጄምስ ዋትና የፈረስ ጉልበት ሚዛን

የመኪና ነገር በተነሣ ቍጥር ክርክር የሚያስነሣው የፈረስ ጉልበቱ ነው። አንዱ መቶ ነው ሲል ሌላው የለም መቶ ኻያ ነው ይላል። ነገር ግን ይህ ቍጥር የት ላይ እንደ ተለካ፥ በሞተሩ ላይ ነውን ወይስ መሬት በሚረግጠው ጎማ ላይ፥ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል። መነሻው ግን የገበያና የመተማመን ጉዳይ ስለ ነበረ እኛንም የአርትስ ተማሪዎችን ይመለከተናል። ይህን ለመረዳት የፈረስ ጉልበትን ልክ የወሰነውን የጄምስ ዋትን የሕይወት ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዋት በ1736 ዓ.ም. በስኮትላንድ ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ መርከብ ሠሪና ነጋዴ ነበር፤ ንግዱም ባሮች ይደክሙባቸው ከነበሩት የአሜሪካና የካሪቢያን ቅኝ አገሮች ጋር የተያያዘ ነበር። ልጁ ጤናው ደካማ ስለ ነበረ ፊደልና ቍጥር በቤቱ ተማረ። ራስ ምታትና ትካዜ እስከ ሽምግልናው ድረስ አልተለዩትም። እናቱ ከሞተች በኋላ በ1755 ወደ ለንደን ሄዶ ሌላው በብዙ ዓመት የሚማረውን የመለኪያ መሣሪያዎች ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ ተማረ።

ወደ ግላስጎው ተመልሶ ሱቅ ሊከፍት ሲያስብ የከተማው የብረት ሠሪዎች ማኅበር የተወሰነውን የተለማማጅነት ዘመን አልፈጸምክም ብሎ ከለከለው። ያን ጊዜ በሩን የከፈተለት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1757 በግቢው ውስጥ የመሥሪያ ክፍል ሰጠው። እዚያም የሙቀትን ጠባይ ይመረምር ከነበረው ከጆሴፍ ብላክ ጋር ተወዳጀ። ዩኒቨርሲቲ ማለት ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቦታ ብቻ እንዳይደለ ይህ አንዱ ማስረጃ ነው፤ ዋት ተማሪ ሆኖ አልገባበትምና።

በ1763 ክረምት ገደማ ዩኒቨርሲቲው የማይሠራ አንድ ትንሽ የኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር ሞዴል እንዲያድስ ሰጠው። በዚያ ሞተር እንፋሎት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲረጭበት ወደ ውኃነት ይመለሳል፤ ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር የውጭው አየር ፒስቶኑን ይጫነዋል። ዋት ሲመረምረው ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት እየቀዘቀዘ እንደ ገና መሞቅ ስላለበት ከእንፋሎቱ አራት እጅ ሦስቱ ያህል በከንቱ ይጠፋል። በ1765 አንድ እሑድ ቀን በግላስጎው መስክ ላይ ሲመላለስ መላው ታየው። እንፋሎቱ በሌላ ቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ሲሊንደሩ ግን ምን ጊዜም ትኩስ ይሁን የሚል ሐሳብ ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ከሥራ ላይ ለማዋል ግን አሥር ዓመት ወሰደ። የፈጠራ መብት በ1769 አገኘ። ገንዘብ ያበድረው የነበረው ሮበክ ከሰረ። ዋት ቤተ ሰቡን ለመመገብ የመርከብ ቦይ የሚቈፈርበትን መሬት እየለካ ዋለ። በ1773 ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። ከዚህ ሁሉ ያወጣው የበርሚንግሃሙ ባለ ፋብሪካ ማቲው ቦልተን ነው። በ1775 ሽርክና መሠረቱ፤ የእንግሊዝ ፓርላማም መብቱን እስከ 1800 አራዘመላቸው። ጆን ዊልኪንሰን መድፍ ለመቦርቦር የሠራው መሣሪያ ደግሞ ሲሊንደሩን አስተካክሎ ለመቦርቦር አስቻላቸው።

እንግዲህ የመለካት ችግር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሽርካዎቹ በኮርንዋል ማዕድን ቤቶች ሞተር ሲያቆሙ ክፍያው፥ አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ይልቅ ካዳነው የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሢሶው ነበር። የሞተሩን ምት የሚቈጥር መሣሪያ በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ ያኖሩ ነበር። ባለ ማዕድኖቹ ያጕረመርሙ ነበር፤ አንዳንዶቹም አንከፍልም አሉ። ይሁን እንጂ ቢያንስ ሁለቱም ወገን የሚያዩት ቍጥር ነበረ።

የወፍጮና የቢራ ፋብሪካ ባለቤቶች ሞተር ሲፈልጉ ግን ይህ ስሌት አልሠራም። እነርሱ የሚተኩት ከሰል የሚበላ ሞተር ሳይሆን ገብስ የሚበላ ፈረስ ነበረና። ስለዚህ ዋት ፈረሱን ራሱን ለካ። የወፍጮ ፈረስ ስፋቱ 24 ጫማ በሆነ ክብ ላይ በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል፤ የሚስበውም በ180 ፓውንድ ኃይል ነው ብሎ ገመተ። ቢባዛ በደቂቃ ወደ 32,600 ገደማ ይመጣል። ዋት ይህን አጠጋግቶ አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 33,000 ፓውንድን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ጫማ ከፍ ማድረግ ነው አለ። ተራ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ይህን ያህል ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ የዐሥር ፈረስ ሞተር የገዛ ሰው ከዐሥር ፈረሶቹ ያነሰ አላገኘም።

ነገር ግን ጉልበት የሚለካው የት ላይ ነው? ዋት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ረዳቱ ጆን ሳውዘርን በ1796 ግፊቱን በወረቀት ላይ ራሱ እንዲሥል አደረገው። ይህም ለብዙ ዘመን በምስጢር ተጠብቆ ቈየ። ሥዕሉ የሚናገረው ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ስላለው ጉልበት ነው። ከዚያ በኋላ ፍትጊያ ከፊሉን ይበላል። በ1821 ፈረንሳዊው ደ ፕሮኒ የሚዞረውን ዘንግ በእንጨት ጨምድዶ፥ በረጅም ክንድና በክብደት በዘንጉ ላይ የደረሰውን ጉልበት ለካ። ሁለቱ ቍጥሮች አንድ አልነበሩም።

በመኪናም ነገሩ ይኸው ነው። ሞተሩ ብቻውን ተለክቶ መቶ ፈረስ ቢባል፥ ካምቢዮው፥ ዲፈረንሻሉ፥ ኩሽኔታውና ጎማው እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ወስደው ወደ ሙቀት ይለውጡታል። መኪናው በሚሽከረከር በርሜል ላይ ቆሞ ጎማው ላይ ሲለካ የሚገኘው ከመቶ ያነሰ ነው። ጕድለቱም እንደ ማርሹ፥ እንደ ዘይቱ ሙቀትና እንደ ጎማው ነፋስ ስለሚለዋወጥ፥ በጎማ ላይ ከተገኘው ተነሥቶ ይህን ያህል በመቶ ጨምሮ የሞተሩን ጉልበት ዐወቅሁ ማለት ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። በአሜሪካ እስከ 1971 ገደማ ፋብሪካዎች ሞተሩን ያለ ማራገቢያውና ያለ ማርሚታው ለክተው ያስታውቁ ነበር። ከ1972 ጀምሮ ሞተሩ ከነዕቃው ሲለካ፥ ያው ሞተር ሳይለወጥ በወረቀት ላይ ያለው ቍጥር ወረደ። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አምስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚሳሳ፥ በግፊት አየር የማይጨመርለት ሞተር በዚያው መጠን ገደማ ይደክማል። ጎማ ላይ የማይደርስ ጉልበት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ዋት ነውር የሌለበት ሰው አልነበረም። በመብቱ ተመክቶ ሌሎች ፈጣሪዎችን በፍርድ ቤት አስጨንቋል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎትም አደገኛ ነው ብሎ ተቃውሟል። የድርጅቱ ሞተሮች በካሪቢያን ደሴቶች ባሮች በሚደክሙበት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይም ተተክለዋል። የፈረስን ድካም እንዲያ አጥብቆ የለካ ዘመን የሰውን ድካም በገበያ ይሸጥ እንደ ነበረ መርሳት አይገባንም።

በ1800 ሥራውን ለልጆች ትቶ በቤቱ ሰገነት መሣሪያዎቹን ሲነካካ ኖረ። ደብዳቤ የሚያባዛ መኪና በ1780 የፈጠረውም እርሱ ነው፤ ስለዚህ ይህን የተባዛ መጽሔት የምታነቡ ሁሉ ከዋት ሥራ ጋር ጥቂት ዝምድና አላችሁ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በ1806 የክብር ዶክተርነት ሰጠው። በ1819 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። በ1882 በብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ የጉልበት መለኪያው በስሙ ዋት ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ ቀረበ። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው። እርሱ ራሱ ያወጣውን ልክ ዛሬ በብዙ አገር እየተካ ያለው ይኸው ስሙ ነው።

ከዚህ ሰው ታሪክ እኛ የምንወስደው፥ ቍጥር ሲነገረን የት ላይ ተለካ ብሎ መጠየቅን ነው። ከዚህ ግቢ ስንወጣ ዲግሪያችን የሞተሩ ቍጥር ነው። አገር የሚጠይቀን ግን በካምቢዮና በዲፈረንሻል ውስጥ ምን ያህሉ እንደ ቀረ ሳይሆን መሬት ላይ ምን ያህል እንደ ደረሰ ነው።