ፍሬድሪክ ዳግላስ

ፍሬድሪክ ዳግላስ (1818 – ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1895 እ.ኤ.አ.) ከባርነት አምልጠው የወጡ አሜሪካዊ ተናጋሪ፣ ደራሲና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ባርነትን ይደግፋል ወይስ ይቃወማል በሚለው ክርክር የያዙት አቋም በተለይ ይታወሳል።

ልጅነትና ማምለጥ

ዳግላስ በሜሪላንድ ግዛት በታልበት አውራጃ በባርነት ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን በትክክል አያውቁም ነበር፤ ከእናታቸው ከሃሪየት ቤይሊም በሕፃንነታቸው ተለዩ። በልጅነታቸው ወደ ባልቲሞር ከተማ፣ ወደ ሂው ኦልድ ቤት ተላኩ። የቤቱ እመቤት ሶፊያ ኦልድ ፊደል ማስተማር ጀምራ ነበር፤ ባሏ ግን ማንበብ የቻለ ባሪያ አይገዛም በማለት ከለከላት። ዳግላስ ትምህርቱን ከሰፈር ልጆች እየቀሰሙ በድብቅ ቀጠሉ።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሰው፣ የአንድ ነፃ ጥቁር መርከበኛ ወረቀት ይዘው ወደ ኒው ዮርክ አመለጡ። በዚያ አና መሪ የተባለችውን ነፃ ጥቁር ሴት አግብተው በማሳቹሴትስ ግዛት በኒው ቤድፎርድ ኖሩ።

ንግግርና ጋዜጣ

በ1841 በናንቱኬት ደሴት በፀረ ባርነት ስብሰባ ላይ ካደረጉት ንግግር በኋላ የማኅበሩ ተናጋሪ ሆኑ። እንዲህ የሚናገር ሰው ባሪያ ነበር ብለው ለማመን የተቸገሩ አድማጮች ስለነበሩ፣ በ1845 የሕይወት ታሪካቸውን ከጌቶቻቸው ስም ጋር አሳተሙ። መጽሐፉ ማንነታቸውን ስለገለጠ ተይዘው እንዳይመለሱ ወደ አየርላንድና ብሪታንያ ሄዱ። በ1846 በብሪታንያ የነበሩ ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው ነፃነታቸውን ገዙላቸው። በ1847 ተመልሰው በሮቸስተር ከተማ «ሰሜናዊው ኮከብ» የተባለ ጋዜጣ አቋቋሙ።

የሕገ መንግሥቱ ክርክር

የፀረ ባርነት መሪው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን፣ ሕገ መንግሥቱ ያመለጡ ባሮች እንዲመለሱ ስለሚያዝ የባርነት ውል ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ሥር ድምፅ መስጠት እንኳ አይገባም ይል ነበር። ዳግላስም መጀመሪያ ይህንኑ ያምኑ ነበር። በ1851 ግን ሐሳባቸውን መለወጣቸውን በይፋ አስታወቁ። ባሪያ የሚለው ቃል በሰነዱ ውስጥ የለም፤ ሕግ የሚተረጎመው በጽሑፉ እንጂ በአርቃቂዎቹ ስውር ሐሳብ አይደለም፤ መግቢያውም ስለ ሕዝቡ ሁሉ ይናገራል የሚል ነበር ክርክራቸው። ከዚህ የተነሳ ምርጫና ፖለቲካ ባርነትን ለማጥፋት መሣሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተከራከሩ። ይህ አቋም ከጋሪሰን ጋር የነበራቸውን ወዳጅነት አፈረሰ።

በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ፈረደ። ዳግላስ አቋማቸውን ሳይተዉ በ1860 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ በንግግር ተሟገቱለት።

ጦርነትና ከዚያ በኋላ

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ጥቁር ወታደሮችን መለመሉ፤ ሁለት ልጆቻቸውም በ54ኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር ተመዘገቡ። በ1863 ከፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ጋር ተገናኝተው ለጥቁር ወታደሮች እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ጠየቁ። ከጦርነቱ በኋላ 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ማሻሻያዎች ባርነትን አገዱ፣ ዜግነትን አረጋገጡ፣ በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት መንፈግን ከለከሉ። 15ኛው ማሻሻያ ሴቶችን ስላላካተተ ግን፣ ዳግላስ ሲደግፉት ከሴቶች መብት ታጋዮቹ ከኤልዛቤት ኬዲ ስታንተንና ከሱዛን አንተኒ ጋር ተጋጩ።

በ1883 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1875ን የዜግነት መብት ሕግ ሲሽር ዳግላስ በአደባባይ ተቃወሙ። ከ1889 እስከ 1891 በሃይቲ የአሜሪካ መልእክተኛ ነበሩ። የሴቶች መብት ስብሰባ ተካፍለው በተመለሱበት ዕለት በዋሽንግተን ቤታቸው አረፉ፤ የተቀበሩትም በሮቸስተር ነው።