ሉዊ ፓስተርና የዶሮ በሽታ

የዶሮ ክትባት የተጀመረው በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ጥረት ነው። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 ዶል በተባለች ከተማ ከአንድ ቆዳ አልፊ ቤተሰብ ተወለደ። የተማረው ኬሚስትሪ እንጂ ሕክምና አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1865 በደቡብ ፈረንሳይ የሐር ትል በበሽታ እያለቀ አርቢው በመቸገሩ፣ ፓስተር ነገሩን እንዲያጠና ወደ አሌስ ተላከ። ከጥቂት ዓመታት ድካም በኋላ ትሉን የሚፈጀው አንድ በሽታ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን ደረሰበት። አርቢዎቹም እንቁላል የጣለችውን የእሳት ራት በማይክሮስኮፕ እየመረመሩ ጤነኛውን ዘር እንዲለዩ አስተማረ። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ሁለት ሴት ልጆቹ ሞቱበት። እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም።

ቀጥሎ ትኩረቱን ወደ ዶሮ ኮሌራ አዞረ። የበሽታውን ባክቴሪያ በዶሮ መረቅ ውስጥ አራባው። መረቁ ብዙ ጊዜ ሲቆይ ባክቴሪያው ይደክማል፤ በደከመው ባክቴሪያ የተወጉ ዶሮዎችም ጥቂት ታመው ይድናሉ፤ ኋላ ብርቱው ቢሰጣቸውም ይቋቋሙታል። ይህንን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1880 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አስታወቀ። በዓመቱም ፑዪ ለ ፎር በተባለ መንደር በሕዝብ ፊት በጎችን ለአባ ሰንጋ ከተበ፤ ያልተከተቡት በጎች ሲያልቁ የተከተቡት ከበሽታው ተረፉ። እ.ኤ.አ. በ1885 የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለሰው ሰጠ፤ በ1895 አረፈ። የዶሮ ኮሌራ ባክቴሪያም በስሙ ፓስቱሬላ ተብሎ ይጠራል።

በሐር ትሉ ላይ የታየው የሁለት በሽታዎች መደራረብ በዶሮ እርባታም ይደርሳል። እንደ ፈንግል ያለ ቫይረስ የዶሮዋን የመተንፈሻ ቧንቧ ሽፋን ሲያቆስል፣ ኢ. ኮላይና ሌሎች ባክቴሪያዎች በቁስሉ አልፈው ሳንባዋንና የአየር ከረጢቶቿን ያጠቃሉ። ቫይረሱ ብቻውን ቢሆን ልትድን የምትችለው ዶሮ በሁለቱ ተደራርቦ ትሞታለች። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሠራው በባክቴሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ቫይረሱን አይነካውም። ስለዚህ አርቢው መድኃኒት በዘፈቀደ ከመስጠት ይልቅ፣

ዶሮዎቹን በሽታው ሳይገባ በወቅቱ ማስከተብ፣

ቤታቸውን ንጹሕና አየር የሚያገኝ ማድረግ፣

የምታስለውን ዶሮ ወዲያው ከጤነኞቹ መለየት፣

የሞተችውን አርቆ መቅበር ወይም ማቃጠል፣

የእንስሳት ጤና ባለሙያም ሳይዘገይ መጥራት ይገባዋል።

በአንድ ቤት የተጀመረ ሳል የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ክትባቱ ጎረቤት ከጎረቤት ተባብሮ በአንድ ቀን ቢሰጥ ጥቅሙ የበለጠ ይሆናል።