የኤን ጋኒሙ ሽማግሌ ሠራተኛ፦ የአሃሮን ዳቪድ ጎርዶን ሕይወትና የእምነት ጥያቄ

በፔታሕ ቲክቫ ከተማ ኤን ጋኒም የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በዕብራይስጥ የአትክልቶች ምንጭ ማለት ሲሆን፣ በመጽሐፈ ኢያሱ ከይሁዳ ነገድ ከተሞች መካከል የተጠቀሰ ስም ነው። ዛሬ ሰፈሩ የከተማው አንድ ክፍል ሆኖ ቢታይም፣ በ1908 ዓ.ም. ሲመሠረት ራሱን የቻለ የሠራተኞች መንደር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነዋሪዎቹ በየቤታቸው አጠገብ ጥቂት የጓሮ መሬት እያለሙ፣ ቀን ቀን በፔታሕ ቲክቫ ገበሬዎች የብርቱካንና የወይን እርሻ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ወጣቶቹ ሽማግሌው እያሉ የሚጠሯቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ ስማቸው አሃሮን ዳቪድ ጎርዶን ይባላል።

የእኚህን ሰው ታሪክ የምናቀርብላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ እስራኤል በገባችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በብዙ ቤት እንደሚሆነው፣ በእናንተም ቤት አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ልጅ አባቱን ስለ ምን ሰንበትን እንደሚጠብቅ ይጠይቃል፤ አባትም ልጁ ከአባቶቹ ሥርዓት ለምን እንደሚርቅ ግራ ይገባዋል። ጎርዶን ይህን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን ሆነው የኖሩት ሰው ናቸው። በጽኑ ሥርዓት ያደጉና ለብዙ ዓመታት የጠበቁት፣ በኋላም ብዙውን የተዉት፣ ነገር ግን ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሃይማኖት ማሰብን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተዉ ሰው ነበሩ።

ልጅነትና ጎልማሳነት

ጎርዶን በ1856 ዓ.ም. በዛሬዋ ዩክሬን፣ ያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረች ትሮያኖቭ በምትባል መንደር ተወለዱ። ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው በሞት ስለ ተለዩ ለወላጆቻቸው የቀሩ ብቸኛ ልጅ ነበሩ። በገጠር፣ በጫካና በእርሻ መካከል አደጉ፤ ኦሪትንና ታልሙድን ተማሩ፤ የውጭ ቋንቋዎችንም በራሳቸው ጥረት አጠኑ። ካገቡም በኋላ ጊንዝቡርግ በሚባለው የታወቀ ባለጸጋ የአይሁድ ቤተሰብ ርስት ላይ ከ20 ዓመት በላይ በጽሕፈትና በአስተዳደር ሥራ አገለገሉ። ሰባት ልጆች ወልደው ለአካለ መጠን የደረሱላቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው።

ይህ ሥራ በ1903 ዓ.ም. ገደማ ሲያበቃ፣ ጎርዶን በዚያ ዘመን ሽምግልና በሚባል ዕድሜ ላይ ነበሩ። ሌላ የጽሕፈት ሥራ ፈልገው ቀሪ ዘመናቸውን በዕረፍት ሊያሳልፉ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ቤተሰባቸውን ለጊዜው ትተው በ1904 ዓ.ም. ብቻቸውን ወደ እስራኤል ምድር ገቡ። እጃቸው ብዕር እንጂ ዶማ የለመደ አልነበረም፤ ሰውነታቸውም ጠንካራ አልነበረም። ሆኖም የቢሮ ሥራ አንፈልግም ብለው፣ የልጅ ልጆቻቸው ሊሆኑ ጥቂት ከቀራቸው ወጣቶች ጋር በፔታሕ ቲክቫና በሪሾን ሌጽዮን የቀን ሠራተኛ ሆኑ። ቀን ይቆፍራሉ፤ ማታ ይጽፋሉ።

በየተስፋ በር የተነሣ ጠብ

ፔታሕ ቲክቫ ማለት የተስፋ በር ማለት ነው፤ ስሙም ከትንቢተ ሆሴዕ የተወሰደ ነው። መንደሪቱን በ1878 ዓ.ም. የመሠረቷት ከኢየሩሳሌም የወጡ ሃይማኖተኛ አይሁድ ነበሩ። በወባ ብዙ ተሠቃይተው ለጥቂት ጊዜ ትተዋት ከሄዱ በኋላ ተመልሰው አቀኗት። ሰንበትንና የምድሪቱን ትእዛዛት እየጠበቁ ማረስ ይሹ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ ከሩሲያ የመጡት ወጣት ሠራተኞች ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ያደጉት በሃይማኖተኛ ቤት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ጸሎቱንም ሰንበቱንም ትተው መጥተዋል። በ1905 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የፔታሕ ቲክቫ ገበሬዎች እነዚህን ወጣቶች በሥራ እንዳይቀጥሯቸው በጋራ ወሰኑ። ካቀረቡት ምክንያት አንዱ ወጣቶቹ የሃይማኖትን ሥርዓት አያከብሩም የሚል ነበር። ገበሬዎቹ የመንደራቸውን ቅድስና የጠበቁ መስሏቸው ነበር፤ ወጣቶቹ ግን ከዚህ የተማሩት ሃይማኖት ከእንጀራ የሚከለክል ነገር መሆኑን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ወደ ጸሎት ቤት የተመለሰ ወጣት ይኖራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ጎርዶን በሁለቱ ወገኖች መካከል ቆሙ። በዕድሜና በትምህርት ከአባቶቹ ወገን፣ በሥራና በድህነት ከወጣቶቹ ወገን ነበሩ። ስለዚህም ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው የማይታያያቸውን ነገር ሊያዩ ቻሉ።

ሰው እምነቱን ስለ ምን ይተዋል?

በዚያን ጊዜ የብዙ ወጣቶች አፍ የነበረው ደራሲ ዮሴፍ ሐይም ብሬነር ነው። ብሬነር በ1881 ዓ.ም. ተወልዶ በልጅነቱ በየሺቫ የተማረና በኋላ እምነቱን የተወ ሰው ነበር። በ1910 ዓ.ም. በሠራተኞች ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ሰው አይሁዳዊ ለመሆን ሃይማኖት አያስፈልገውም የሚል ሐሳብ ገለጸ፤ ከዚህም የተነሣ በሀገር ውስጥም በውጭም ታላቅ ክርክር ተነሣ። ጋዜጣውን በገንዘብ የሚደግፈው የኦዴሳ ማኅበር እርዳታውን ሲያቋርጥ፣ ሠራተኞቹ ደግሞ ማንም አፋችንን አይዘጋም ብለው ተቃወሙ።

ጎርዶን ከብሬነር ጋር ቢከባበሩም በዚህ ነገር አልተስማሙም። እንደ ጎርዶን አስተሳሰብ፣ ሃይማኖት ከአባቶች የተወረሰ ሸክም ብቻ አይደለም፤ ሰው ራሱን ከፍጥረት ሁሉ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲያውቅ ከነፍሱ የሚፈልቅ ነገር ነው። በስደት ሀገር ሕዝቡ ከመሬትና ከእጅ ሥራ ስለ ተለየ፣ ሥርዓቱ ቀርቶ ምንጩ ደረቀ ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ወጣቶቹ የተዉት የደረቀውን ቅርፊት እንደ ሆነና ውስጡን ግን ገና እንዳላዩት ያስተምሯቸው ነበር። መድኃኒቱም መሬትን በእጅ መሥራት፣ ከጎረቤት ጋር በጽድቅ መኖርና ራስን መመርመር ነው ይሉ ነበር።

እናንተ ይህን ስትሰሙ ሳትደነቁ አትቀሩም። ጎርዶን በ48 ዓመታቸው ሊማሩት የመጡትን ነገር፣ የእናንተ አባቶች በወገራና በደምብያ፣ በሰሜንና በሌሎችም አውራጃዎች እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩና እየሸመኑ ኖረውበታልና።

በቤት ውስጥ የወደቀ ጥላ

አሁን ወደ ጎርዶን ቤት እንግባ። በ1909 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው ያዔል ከአምስት ዓመት መለያየት በኋላ ወደ እርሳቸው መጡ። ነገር ግን ባለቤታቸው በመጡ በአራት ወር ገደማ ታመው ሞቱ። ወንድ ልጃቸው አልመጣም፤ በሩሲያ ቀርቶ የኦሪት ትምህርቱን መቀጠል መረጠ። በአባትና በልጅ መካከል በሃይማኖት ምክንያት ቅሬታ ገብቶ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በብዙ ቤት አባት ይጠብቃል፣ ልጅ ይተዋል፤ በጎርዶን ቤት ግን ልጁ አጥብቆ ያዘ፣ አባት ላላ። የሐዘኑ መጠን ግን አንድ ነው። ለመላው ሕዝብ ስለ እርቅ የጻፉት ሰው፣ አንድ ልጃቸውን በማዕዳቸው ዙሪያ ሊያዩት አልቻሉም። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደ ነበረ እንፍረድ ብንል ፍርዱ ባሕር አቋርጦ የተለያየውን ቤተሰብ አይመልስም።

ጎርዶን ራሳቸው ሥርዓቱን በአንድ ቀን አልጣሉትም። ወደ ሀገር ሲገቡ ጠንቅቀው ይጠብቁ ነበር፤ በዓመታት ውስጥ ግን ጥቂት በጥቂት ተዉት። ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ገሊላ ወጥተው በልዩ ልዩ ስፍራ ከሠሩ በኋላ፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን በኪነሬት ባሕር አጠገብ ባለችው በደጋንያ አሳለፉ። በዚያም ሳሉ ስለ በዓለ አስተሥርዮ ለጓደኞቻቸው ጻፉ። ይህ ዕለት ለእኛ ከሥራ የምናርፍበት ተራ ቀን ብቻ ሆኖ ይቅርን? ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት ነፍሱን የሚመረምርበትን ቀን ካጠፋን በምን እንተካዋለን? የሚል ነበር የጽሑፋቸው መንፈስ። ሥርዓቱን ከተዉ በኋላ እንኳ ጥያቄው አልተዋቸውም። በየካቲት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው በደጋንያ ዐረፉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ቤተ እስራኤል ስለ እምነት መያዝና መተው ከማንም በላይ ያውቃል። በ1860 ዓ.ም. ሚስዮናውያን ወደ ደምብያ መጥተው በጀንዳ ሲሰፍሩ፣ ብዙዎች አጥብቀው ተቃወሙ። በ1862 ዓ.ም. አባ መሐሪ ሕዝቡን አስከትለው፣ ባሕሩ ተከፍሎላቸው ወደ ኢየሩሳሌም እንዲገቡ ተስፋ አድርገው ጉዞ ጀመሩ፤ ብዙዎችም በረኃብና በበሽታ በመንገድ ቀሩ። ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረኃብ ሲመጣ ደግሞ መንደሮች ባዶ ሆኑ፤ ቤተሰቦች ተበተኑ። ከዚያ በፊትም በኋላም ወደ ክርስትና ከገቡት መካከል በመጽሐፍ ክርክር ተሸንፎ የሄደ ጥቂት ነው። አንዱ ርስት ስለ ተከለከለ፣ ሌላው ልጆቹን የሚያበላው ስላጣ፣ ሌላውም ስድቡንና ፍርሃቱን መቋቋም ስላቃተው ሄደ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ናችሁ፤ ዛሬም በትምህርትና በሥርዓት ወደ አባቶቻችሁ ኪዳን እየተመለሳችሁ ነው። አያቶቻችሁን አትናቁአቸው። ማን እንደ ነበሩ በልባቸው ስላልረሱ ነው እናንተ መንገዱን ያገኛችሁት።

በመንደራችሁ ሰንበትን መጠበቅ ቀላል ነበር ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ የሚጠፋው በአንድ ቤት ብቻ አልነበረም፤ በሁሉም ቤት ነበር። በዚህ ሀገር ልጃችሁ ከመስኮት ውጭ ሲመለከት፣ የጎረቤቱ አይሁዳዊ በሰንበት መኪና ሲነዳ ያያል። ሥርዓቱን ከእናንተ በቀር የሚያጸናለት ሰው ላያገኝ ይችላል።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። በ1985 ዓ.ም. ወገኖቻችን አይሁድነታቸው በመጠርጠሩ አዝነው፣ በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ከአንድ ወር በላይ ተቀመጡ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በፔታሕ ቲክቫ አንዳንድ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦችን ልጆች አንቀበልም በማለታቸው በሀገሪቱ ሁሉ ቁጣ ተነሣ። ኦሪት መጻተኛውን ውደድ እያለች ኦሪትን የሚያስተምር ሰው ሕፃንን ከደጅ ሲመልስ፣ ሕፃኑ የሚርቀው ከዚያ ሰው ብቻ ላይሆን ይችላል። በ1905 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የታየው ነገር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ሰው እምነቱን የሚይዘውም የሚተወውም ከክርክር ይልቅ በኑሮ ነው። በእምነት ስም የተደረገለትን ደግነት ያስታውሳል፤ በእምነት ስም የደረሰበትንም ውርደት አይረሳም። ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህን ነው፦ ልጃችሁ ኪፓውን ቢያወልቅ ወይም ወደ ጸሎት ቤት መሄድን ቢተው፣ ዓርብ ማታ ከማዕዱ አታርቁት። ዳቦው ሲባረክ እርሱም ይኑር፤ ስለ ተወውም ነገር በየሳምንቱ አትሟገቱት። በበደለው ሰው ላይ ያለው ቁጣ እውነት ከሆነ እውነት ነው በሉት፤ ኦሪት ራስዋ ግን ያን በደል እንደምትከለክል አሳዩት።

ለወጣቶችም የምንለው አለን። አባትና እናታችሁን ስለ ምን እንደሚጠብቁ ስትጠይቁ፣ መልሱን በማስረጃ አትፈልጉ፤ በመንደራቸው ሰንበት እንዴት ይገባ እንደ ነበር፣ ለስግድ ወደ ተራራው እንዴት ይወጡ እንደ ነበር እንዲነግሩአችሁ ጠይቁ። ሳታውቁት የምትተዉት ነገር የራሳችሁ ውሳኔ አይሆንም። ጎርዶን ብዙ ነገር ቢተዉም ምን እንደ ተዉ ያውቁ ነበር፤ በመጨረሻ ዘመናቸው ስለ በዓለ አስተሥርዮ ሊጠይቁ የቻሉትም ስለዚህ ነው።

በኤን ጋኒም ስታልፉ የጥንቱን የብርቱካን እርሻ ላታዩ ትችላላችሁ፤ በስፍራው ቤቶችና መንገዶች ተሠርተውበታል። ከሠፈሩ ሽማግሌ ታሪክ ግን አንድ ነገር ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ፤ በእምነት ነገር ከልጃችሁ ጋር ባትስማሙ እንኳ፣ አለመስማማታችሁ በአንድ ጣራ ሥር ይሁን።