የብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ታዕዛዝ ሕይወትና የዜግነት ነገር

ጊንጪ ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ ስለ ዜግነት ሳስረዳ፣ አንድ ልጅ ሰው ከቀዬው ሳይነቃነቅ ዜግነቱ ይለወጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ታዲያ መልሱን በአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ላሳያችሁ።

ሎሬንዞ ታዕዛዝ በ1892 ዓ.ም. በኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ ተወለዱ። ኢጣሊያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ካለች ገና አሥር ዓመቷ ነበር። ስለዚህ ሲወለዱ የኢጣሊያ ተገዢ ሆኑ፤ መታዘዝ አለ፣ የዜጋ መብት ግን የለም ማለት ነው። አድገው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ፤ ፈረንሳይ አገር ሞንፔልዬ ሄደውም ሕግ ተማሩ። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር፣ ያቺኑ የቀድሞ ገዢያቸውን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ተሟገቷት። በድብቅ ጎጃም ገብተውም የአርበኞችን ሁኔታ አይተው ተመለሱ። ከድል በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1938 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ አረፉ።

ያን ጊዜ የትውልድ ቀዬአቸው ሰው በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ሆኖ ዕጣውን ይጠብቅ ነበር። ኢጣሊያ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኤርትራን ለቀቀች። በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲቆም፣ የውጭ ዜግነት ካለው በቀር የኤርትራ ነዋሪ ሁሉ የፌዴሬሽኑ ዜጋ ሆነ። የውጭ ዜግነት ይዞ ወላጁ ወይም አያቱ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ሰው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ጥያቄው እንደገና ተነሣ።

እንግዲህ ለዚያ ልጅ መልሴ፣ አዎን ይለወጣል ነው። ሎሬንዞ አገራቸውን በእግራቸው ሄደው መረጡ፤ ብዙው ሕዝብ ግን ቤቱ እንደተቀመጠ ሌሎች በፈረሙት ወረቀት ተለወጠበት። ጓዶች፣ ነገ ክፍል ስንገባ ይህን አንርሳ።