የዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

በዚህ ገጽ የአንድ እንግሊዛዊ ደራሲ የሕይወት ታሪክ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ስለ እርሱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ እጅ የሠራሁት ስሕተት ስለሆነ አስቀድሜ እርሱን ልናዘዝ።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ዋጃ ከሰፈራችን አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። ልጃቸው በዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እዚያው አብራት ለምትሠራ ጓደኛዋ የሁለት ወር ደመወዟን አበድራት ኖሮ ጓደኛዋ አልከፍልም ስላለች፥ ለቤቱ እመቤት ነገሩን በእንግሊዝኛ እንዳስረዳላቸው ለመኑኝ። እኔም አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሼአለሁና ኮራ ብዬ ጻፍሁ፤ ደብዳቤውም በስልክ ተላከ። ዳሩ ግን ሌንት ማለት ሲገባኝ ቦሮውድ ብዬ ኖሬአለሁ። በዚህች በአንዲት ቃል አበዳሪዋ ተበዳሪ ሆነች። እመቤቲቱም ባነበበችው መሠረት ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ከልጂቱ ደመወዝ ትቆርጥ ጀመር። እናቲቱ ይህን ሲነግሩኝ የምገባበት ጠፋኝ።

በኋላ ሳስበው የስሕተቴን ምንጭ አገኘሁት። በእኛ ቋንቋ አበደረና ተበደረ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የመጀመሪያይቱ ፊደል ብቻ ትለያቸዋለች። በእንግሊዝኛ ግን ሌንድና ቦሮው በመልክ የማይተዋወቁ ናቸው። ደግሞ በአንጻሩ እኛ ጤፍና ገንዘብ እንበደራለን፥ መጥረቢያና ምጣድ ግን እንዋሳለን፤ እንግሊዞች ለሁለቱም ቦሮው ይላሉ። ይህን ለመምህራችን ባጫውታቸው፥ በእንዲህ ያለ ነገር ዕድሜውን የፈጀ ሰው መኖሩን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጆንሰን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1709 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ) ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ሆኖም ንግዱ ብዙ ዕዳ እንጂ ብዙ ትርፍ አላመጣለትም። ልጁ በሕፃንነቱ ጽኑ ሕመም ታሞ አንድ ዓይኑ ደከመ፥ ፊቱም ጠባሳ ሆነ። በ1728 ወደ ኦክስፎርድ ገባ፤ ነገር ግን ገንዘብ አጥቶ ዓመት ከጥቂት ወራት እንደ ተማረ ትቶ ወጣ። ከክፍላችን ወንበራቸው ባዶ የቀረ ልጆች ስላሉ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የሚያስደንቀው፥ በመጽሐፍ መልክ ያሳተመው የመጀመሪያ ሥራው ስለ አገራችን መሆኑ ነው። በ1735 የፖርቱጋሉን ኢየሱሳዊ የአባ ጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። የድካሙ ዋጋ አምስት ጊኒ ብቻ ነበር።

በ1737 ወደ ሎንዶን ሄዶ ለጋዜጣና ለመጽሔት እየጻፈ በችግር ኖረ። በ1746 መጽሐፍ አሳታሚዎች የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ ተዋዋሉት። እርሱ በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ነበር፤ ሥራው ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ለፈረንሳይ አካዳሚ መዝገበ ቃላት አርባ አባላት ከአርባ ዓመት በላይ ደክመውበታል፤ የጆንሰን ረዳቶች ስድስት ጸሐፊዎች ብቻ ነበሩ።

የሠራበት መንገድ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ጆንሰን ትርጉሙን ከራሱ አያመነጭም። የቀደሙትን ደራስያን መጻሕፍት እያነበበ ቃሉ ባለበት ላይ ያሰምራል፤ ጸሐፊዎቹ ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጣሉ። ከዚያ በኋላ ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ቃሉ በየቦታው ምን እንደሚሠራ ይመዝናል። በዚህ ዓይነት ቴክ ለተባለው ግሥ ብቻ 134 ትርጉም አወጣ። እኛም ብንሆን ሰው እንጀራ በላ፥ ሹም ጉቦ በላ፥ እሳት ቤት በላ እንል የለምን? ሁለት ቃላት ትክክል አንድ ዓይነት ትርጉም የሚኖራቸው ከስንት አንዴ መሆኑንም በመቅድሙ አመለከተ። ለከተማ ሰው ማሽላ ሁሉ ማሽላ ነው፤ የራያ ገበሬ ግን ደጋለትን ጅጉርቲ ብትሉበት ይስቅባችኋል። ወዳጁ ሄስተር ፒዮዚም እርሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በ1794፥ ስለ ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቃላት ልዩነት ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳትማለች።

ሥራው ሳያልቅ በ1752 ሚስቱ ሞተችበት። ሎርድ ቼስተርፊልድ የተባለው መኰንንም በመጀመሪያ ደጅ ሲጠናው ችላ ብሎት ኖሮ፥ መጽሐፉ ሊወጣ ሲል በጋዜጣ አመሰገነው። ጆንሰን ግን ዘግይቶ የመጣ እርዳታ እርዳታ እንዳልሆነ በደብዳቤ ገልጦ መለሰለት። በእኔ አስተያየት በደጋፊና በአጨብጫቢ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ የበለጠ ያስረዳ የለም። መዝገበ ቃላቱ 42,000 ያህል ቃላት ይዞ በሁለት ታላላቅ ቅጾች በሚያዝያ 1755 ወጣ። ስሙ ገነነ፥ ኪሱ ግን አልሞላም፤ በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ፓውንድ በማትሞላ ዕዳ ተያዘ።

በ1759 እናቱ ሲሞቱ ለቀብራቸው ወጪ ገንዘብ እንዲያገኝ ራስላስ የተባለውን የአንድ የሐበሻ መስፍን ልብ ወለድ ታሪክ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈ። ራስላስ የንጉሥ ልጆች በተራራ ተከብበው በሚኖሩበት ሸለቆ ያደገ ነው። የዚህ አሳብ ምንጭ የንጉሥ ዘሮች ይጠበቁበት የነበረው አምባ ግሸን እንደ ሆነ ይነገራል። ይህም መስከረም 21 ቀን ዘመዶቻችን የሚሳለሙት፥ እዚሁ ወሎ ያለው ግሸን ነው። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ አቶ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

በ1762 ንጉሡ በየዓመቱ 300 ፓውንድ ጡረታ ፈቀደለት። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው፤ ጆንሰን በመዝገበ ቃላቱ ጡረታ የሚለውን ቃል የአድር ባይ ደመወዝ አስመስሎ ተርጉሞት ነበር! ወዳጆቹን አማከረ። ገንዘቡ ለሠራው እንጂ ወደ ፊት ለሚሠራው አለመሆኑ ከተነገረው በኋላ ተቀበለ። ጠላቶቹ ብዙ አላግጠውበታል። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ሽልማትና ጉቦ የሚለያዩት በሰጪው አሳብ ነውና።

በ1784 ሲሞት ዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ከሀብቱም በዓመት 70 ፓውንድ፥ በጃማይካ በባርነት ለተወለደውና በቤቱ ለኖረው ለፍራንሲስ ባርበር እንዲሰጥ ተናዞለታል።

ከታሪኩ ሁሉ የጠቀመኝ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ናት። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከፈረስ ሰኮና በላይ ያለችውን የእግር ክፍል ጉልበት ናት ብሎ ተርጉሞ ነበር። አንዲት ሴት ምክንያቱን ብትጠይቀው፥ ሳያመካኝ አለማወቄ ነው ብሎ መለሰላት። ይህን ያነበብሁ ዕለት ማታ ወደ እናቲቱ ቤት ሄጄ ለእመቤቲቱ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። ስሕተቱ የልጂቱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን፥ ሌንድና ቦሮው እንደ ተምታቱብኝ፥ ምክንያቱም አለማወቄ እንደ ሆነ ገለጥሁ። በማግሥቱ መምህራችን ካረሙልኝ በኋላ ተላከ። በወሩ መጨረሻ የተቆረጠው ደመወዟ ተመለሰላት። ጓደኛዋ ግን እስከ ዛሬ አልከፈለቻትም።